ሙዚየሙን ከአያቶች እጅ እንጀምረው

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ባለፈው ክረምት አባቴ ከጉለሌ መጥቶ እኛ ጋ ሰነበተ። አንድ ቀን መቀመጥ ሰለቸውና ግቢ ወርዶ ሽቦ ለቀመ። ከግሮሰሪ አራት ቆርኪ ለመነ። አመሻሽ ላይ ልጄ ረጅም መሪ ያላት የሽቦ መኪና እየነዳ ብሎኩን ይዞር ነበር። በማግስቱ ጠዋት በራችን ላይ ሰባት ልጆች ቆመዋል። «አባባ፣ ለእኔም ይሥሩልኝ!»

ልጄ በባትሪ የምትሄድ መኪናም አለችው። አልጋ ሥር ከገባች ከረመች።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም። ከከተማው ዳር ባሉ ሰፈሮቻችን፣ ቤተሰብ የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የአሻንጉሊት ቴአትርና የመጫወቻ ሙዚየም ያስፈልገናል።

ጓደኞቼ «ይሄ የባለሀብት ሥራ ነው» ይሉኛል። እኔ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን በአሻንጉሊት የሚሠራ የልጆች የቴሌቪዥን ፕሮግራም አስታውሳቸዋለሁ። ያቺን ቀጭኔ ስንቱ ልጅ ወዷታል! አስተማሪ የነበረችው ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር ሥራውን የጀመሩት ሳሎናቸው ውስጥ ነው፤ በካልሲ አሻንጉሊቶች። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። በ2008 ጃፓን ፕራይዝ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ባልና ሚስት፣ ሳሎን፣ ካልሲ። መነሻው ይኸው ነበር።

ሙዚየሙስ? ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው ሙዚየም ዕቃዎቹን የደረደረው በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልደትና ከልጅነት እስከ ሞት። የልጆች ጨዋታና ተረትም እዚያ ቦታ አላቸው። በጣም የምወደው ቤት ነው። ግን ከቱሉ ዲምቱ ሦስት ልጅ ይዞ፣ ታክሲ እየቀያየሩ እዚያ መድረስ ቀኑን ይበላዋል።

ደግሞ የእኛ መጫወቻ መስታወት ውስጥ ሊቀመጥ የተሠራ አይደለም። የጨርቅ ኳስ አንድ ክረምት አይዘልቅም። የእቃ እቃ ድስት ጭቃ ነው፤ ዝናብ ይወስደዋል። ሹሩባ የተሠራችው የበቆሎ እሸት በሦስተኛው ቀን ጸጉሯ ይደርቃል። ልጅ ከወዳደቀ ነገር ይሠራል፣ ይጫወትበታል፣ ይጥለዋል። ስለዚህ መሰብሰብ ያለበት ከዕቃው ይልቅ አሠራሩ ነው። አሠራሩ ያለው በአባቴ እጅ፣ በእናንተም እናት እጅ ነው። በየብሎኩ ሥር ፀሐይ የሚሞቁት አያቶች ያውቁታል። አሁን ካልጠየቅናቸው መቼ ልንጠይቃቸው ነው?

ቴአትሩም ከዚያው ይወጣል። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ልጅ ካለ ተመልካች አለ። ጦጣና ጅቡ ከአሮጌ ካልሲ፣ መጋረጃው ከአንሶላ።

የሚቸግረው ቦታው ነው። የኮንዶሚኒየም የንግድ ቤት የሚሸጠው በጨረታ ነው። ለልጆች ተረት የሚያወራ ቤተሰብ ከሥጋ ቤትና ከግሮሰሪ ጋር ተጫርቶ አያሸንፍም። በየሳይቱ ግራውንድ ላይ አንዲት ክፍል ለልጆች ትተውላቸው። ለዚህ ሥራ ለሚነሳ ቤተሰብ በትንሽ ኪራይ ትሰጥ። ወረዳዎችም የነዋሪ ኮሚቴዎችም ይህን አጀንዳ አድርገው እንዲይዙት እለምናለሁ።

አባቴ ቡሄን እኛ ጋ ዋለ። ለልጆቹ ቃጫ ገምዶ ጅራፍ ሠራላቸው፤ አጯጯሁንም አሳያቸው። አሁን ሁለት ጅራፍ፣ አንድ የጨርቅ ኳስና አራት የሽቦ መኪና ጫማ መደርደሪያችን ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ የየሠሪውን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ ለጥፎባቸዋል። ቅዳሜ ጎረቤቶች ሊያዩ ይመጣሉ።