ይድረስ ለክቡር አቶ ደለል

ጉዳዩ፦ ያለ ፈቃድ አፈር ማጓጓዝን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? «ከናፍቆትዎ በስተቀር ደህና ነን» ብለን እንዳንጀምር፣ መቼ አስናፍቀውን ያውቃሉ? ደመና በጠቆረ ቁጥር ከላይኛው ግንባታ ተነሥተው፣ አጥር ሾልከው፣ ዲቹን ሞልተው ደጃችን ላይ ያድራሉ። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። እርስዎ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጭቃ ነዎት።

ዛሬ የምንጽፍልዎ ግን ለወቀሳ ሳይሆን ለሕግ ጉዳይ ነው። ሰው መሬት ሲደለድል ፈቃድ ያወጣል። ፈቃድ የሚያስፈልግበት የአፈር መጠን እንደየደንቡ ይለያያል፤ በአንዳንድ ቦታ ወለሉ 50 ኪዩቢክ ያርድ ነው፣ ወደ 38 ሜትር ኩብ፣ ሦስት ወይም አራት ገልባጭ ጭነት ቢሆን ነው። ከዚያ ካለፈ ነባሩንና አዲሱን ኮንቱር (እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር) የሚያሳይ ፕላን፣ የቆረጣና የሙሌት ስሌት፣ የአፈር ምርመራ፣ አንዳንዴም ማስያዣ ገንዘብ ይጠየቃል። እርስዎስ? ከአንድ ሄክታር ላይ 4 ሚሊሜትር ብቻ ቢልጡ 40 ሜትር ኩብ ይሆናል። ገፈፋው በዓይን እንኳ አይለይም። ማኅተም የለ፣ ፊርማ የለ፣ መንጃ ፈቃድ የለ።

እውነቱን ለመናገር ሳይጠሩ አልመጡም። ጠሪዎ ብዙ ነው።

አንደኛው ሒሳብ አዋቂው ባለ ይዞታ ነው። በዚህ ወር 35 ሜትር ኩብ ይቆርጣል፣ በሚቀጥለው ወር ሌላ 35፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ «አትክልት ቦታ ለማስተካከል» በሚል 35። እያንዳንዷ ከወለሉ በታች ስለሆነች ፈቃድ የለም፣ ፕላን የለም፣ ተቆጣጣሪም የለም። ጠንቃቃ ደንብ ግን የሚቆጥረው የሥራውን ድምር እንጂ የየወሩን ቁራሽ አይደለም። ከፈቃድ ነፃ መሆን ደግሞ ውሃን ወደ ጎረቤት ለመልቀቅ ነፃ መሆን ማለት አይደለም። ይህ የተጻፈው ግን «ነፃ» ከሚለው ቃል በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ሳይደርስ ወረቀቱን ያጥፋል።

ሁለተኛው ባለ ዶዘሩ ነው። ኪራዩ በሰዓት ስለሆነ «አንዴ ከመጣ ሁሉንም ይግፈፈው» ይባላል። ቤቱ የሚሠራው 300 ካሬ ሜትር ላይ፣ የሚገፈፈው 3000 ካሬ ሜትር። ሣሩ ከሄደ በኋላ የዝናብ ጠብታ አፈሩን ያለ አማላጅ ያገኘዋል። ትልቅ ጠብታ በሴኮንድ ወደ 9 ሜትር እየተምዘገዘገ ነው የሚያርፈው፤ የአፈሩን ቅንጣት እስከ 60 ሴንቲሜትር ሽቅብ ሊረጭ ይችላል። እርስዎ የተወለዱት እዚህ ነው፤ ጎርፉ በኋላ የሚመጣ ተሸካሚ ነው። ውሃው መጀመሪያ ገጹን አጥቦ ይወርዳል፣ ቀጥሎ ትንንሽ ፈፋ ይቀዳል፣ ዝም ከተባለ ቦረቦር ያወጣል። ተዳፋቱ በረዘመ መጠን ደግሞ ደስታዎ ይበዛል። በተለመደው የመሸርሸር ስሌት ከ5 በመቶ በላይ ያዘቀዘቀ መሬት ርዝመቱ በእጥፍ ሲያድግ፣ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚሄደው አፈር ወደ 1.4 እጥፍ፣ ከጠቅላላው ተዳፋት የሚሄደው ደግሞ ወደ 2.8 እጥፍ ይሆናል። እርከን ለጌጥ የሚሠራ የሚመስለው ካለ ይህን ሒሳብ ይይ።

አሁን ወደ ዋናው ወዳጅዎ እንምጣ፣ ወደ ጥቁሩ ጨርቅ። ፕላኑ ላይ «የደለል አጥር» ተብሎ በቁርጥራጭ መስመር ተሥሏል። ሳይቱ ላይ ግን ሊደርቅ እንደተሰጣ ልብስ ተንጠልጥሎ፣ የታችኛው ጠርዙ መሬት ሳይነካ ይወዛወዛል። እርስዎ ጎንበስ እንኳ ሳይሉ በሥሩ ያልፋሉ፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ ከመኪናው ሳይወርድ «አጥር፦ አለ» ብሎ ምልክት ያደርጋል። ሁለታችሁም የዕለት ሥራችሁን ጨረሳችሁ።

ይህ ጨርቅ ማጥለያ እንዳልሆነ እርስዎ ያውቃሉ፤ የማያውቁት ገዢዎቹ ናቸው። ቀዳዳው በደቃቅ አፈር ወዲያው ይደፈናል። ሥራው ውሃውን ማቆም ነው፤ ውሃ ሲቆም ከባዱ ቅንጣት ይወርዳል። ግድብ ስለሆነ ግድብ የሚጠይቀውን ይጠይቃል። 15 ሴንቲሜትር ጥልቀትና 15 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቦይ ይቆፈርለታል፣ የጨርቁ ጫፍ ቦዩ ውስጥ ወርዶ ወደ ላይኛው በኩል ይታጠፋል፣ አፈሩ ተመልሶ በደንብ ይጠቀጠቃል። ችካሉ የሚቆመው ከታችኛው በኩል ነው፤ ውሃው ሲገፋ ጨርቁ ችካሉን ይደገፋል። ከላይኛው በኩል የተተከለ እንደሆነ ውሃው ጨርቁን ከማያያዣው ፈልቅቆ ይጥለዋል። በችካልና ችካል መካከል ከ2 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ጥቅሉ አልቆ ሌላ ሲቀጠል፣ የሁለቱን ጫፍ ችካሎች አንድ ላይ ጠምዝዞ መትከል ይገባል፤ ጫፍ በጫፍ ላይ ደርቦ መተው ለክቡርነትዎ በር መክፈት ነው፣ ያውም በእንኳን ደህና መጡ።

የአጥሩ መስመርም ሌላ ጣጣ ነው። ሰው አጥሩን የሚዘረጋው የይዞታውን ወሰን ተከትሎ ነው። ወሰኑ ቁልቁል ሲወርድ አጥሩም አብሮ ይወርዳል፤ ውሃው ጨርቁን ታኮ ይሄድና ዝቅ ያለው ጥግ ላይ ተጠራቅሞ ይሰብረዋል። ማለትም ደለል ለመያዝ የተገዛው ዕቃ ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ ሰብስቦ አንድ ሰው ደጅ ላይ ያፈሰዋል። ይህን ያህል ባለውለታ ከየት ያገኛሉ? አጥር የሚዘረጋው ኮንቱር ይዞ፣ ጫፎቹም ወደ ሽቅብ ታጥፈው ነው፤ ለ30 ሜትር አጥር የሚደርሰው የተፋሰስ ስፋት ከ0.1 ሄክታር ባይበልጥ። የተጠራቀመው አፈር የጨርቁን ቁመት ሲሶ እስከ ግማሽ ሲደርስ ይጠረጋል። ውሃ ተሰብስቦ በሚወርድበት ቦይ ላይ ደግሞ ጨርቅ መትከል ገንዘብን ማፍሰስ ነው። እዚያ የሚሠራው የድንጋይ ክትር ነው። እሱም ቢሆን መሐሉ ከጎኖቹ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ዝቅ ካላለ ውሃው ጎን ለጎን ዳሩን ቆርሶ ይሄዳል፣ ክትሩ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። ርቀቱም በግምት አይደለም፤ የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር አናት ጋር እኩል ሲሆን ነው ልክ የሚሆነው።

ስለ በሩ ደግሞ እናውራ። አስፋልቱ ላይ የሚያገኙን በገልባጭ ጎማ ተሳፍረው ነው፣ ለትራንስፖርት ሳይከፍሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ጠጠር የተነጠፈበት መውጫ ነው፤ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር የሆነ ድንጋይ፣ ውፍረቱ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ ቢያንስ 15 ሜትር፣ ከሥሩ ድንጋዩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ጂኦቴክስታይል የሚባል ጠንካራ ጨርቅ። ወዳጆችዎ ግን አንድ ጭነት አስደፍተው 3 ሜትር ያነጥፋሉ። የከባድ መኪና ጎማ አንዴ ሲዞር 3 ሜትር ከምናምን ይሄዳል፤ ስለዚህ በ3 ሜትር ጠጠር ላይ አንድ ዙር እንኳ ሳይጨርስ አስፋልት ገብቷል። 15 ሜትሩ ወደ አምስት ዙር ያህል ይሰጠዋል፤ ጭቃው የሚረግፈው በዚያ ነው። ድንጋዩ ዱቄት የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ በአንድ ሳምንት ራሱ ጭቃ ይሆናል። አስፋልት የደረሰውን ጭቃ በውሃ ጎማ አጥቦ ወደ ማንሆል መልቀቅ ጽዳት አይባልም፤ እርስዎን ሸኝቶ ወንዝ ማስገባት ነው። በደረቁ በአካፋና በመጥረጊያ ይነሣል፣ በዚያው ቀን።

ከሁሉ የሚያስቀን ኩሬው ነው። ደለል መያዣ ኩሬ ተብሎ ሥራው ሊያልቅ ሲል ይቆፈራል፤ ያኔ እርስዎ ታች ቀዬ ገብተው ቤት ሠርተዋል። በብዙ መመሪያዎች የሚታወቀው ልክ በተፋሰስ ሄክታር 250 ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ ርዝመቱ ከስፋቱ ቢያንስ እጥፍ፣ መግቢያውና መውጫው ተራርቀው፣ መውጫውም ውሃውን ከላዩ እንጂ ከሥሩ የማይቀዳ። ለምን ይህ ሁሉ ቢሉ፣ ቅንጣቱ ለመውረድ ጊዜ ስለሚፈልግ። 0.1 ሚሊሜትር የሆነ ደቃቅ አሸዋ በቆመ ውሃ አንድ ሜትር ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። 0.01 ሚሊሜትር የሆነ ሲልት፣ ማለትም ከአሸዋ የደቀቀ አፈር፣ 3 ሰዓት ይፈልጋል። 0.001 ሚሊሜትር የሆነ ሸክላ ወደ 13 ቀን! ሸክላ አፈር ካልተነካ እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆያል፤ አንዴ ውሃ ውስጥ ከገባ ግን ኩሬም ጨርቅም አይገታውም። ከዚያ ወዲያ ቅንጣቱን አያይዞ በሚያወርድ፣ በተፈቀደ ማርጊያ ኬሚካል መለመን ነው። ስለዚህ ሸክላ ባለበት ሳይት ገንዘቡ መውጣት ያለበት አፈሩ ሳይነሣ በሚያዝበት ላይ ነው፤ ከተነሣ በኋላ የሚይዘው ነገር ሁሉ እየረፈደበት ይሄዳል።

ስለ ሙሌት በአጭሩ። የዓለም አቀፉ የሕንፃ ኮድ አባሪ «ጄ» ያለ ጂኦቴክኒክ (የአፈር ጥናት) ሪፖርት ከ2 አግድም ለ1 ቁመት የበለጠ የቆመ ተዳፋት አይፈቅድም፤ ሙሌቱም ከ30 ሴንቲሜትር በማይበልጥ ንጣፍ እየተነጠፈ፣ ከከፍተኛ ጥግግቱ ቢያንስ 90 በመቶ እስኪደርስ እየተጠቀጠቀ እንዲሞላ ያዛል። እርስዎ የሚወዱት ግን በአንድ ቀን 2 ሜትር ተደፍቶ ከላዩ ብቻ ሮለር የሄደበትን ነው። ሣርና ለም አፈር ሳይነሣ የተሞላበት ቢሆን ደግሞ ጮቤ ይረግጣሉ፤ ሥሩ ሲበሰብስ አብሮዎት የሚንሸራተት አያጡም።

ፈቃድ ሰጪዎቹንም አንረሳም፤ ቅር ይላቸዋል። የመሸርሸር መከላከያ ዕቅድ ይቅረብ ይላሉ፣ ይቀርባል። ከሌላ ሳይት የተቀዳ ስለሆነ የሌላው ሳይት ስም ገጽ 4 ላይ እንዳለ ነው፤ በጽሑፉ ወደ ሰሜን የሚፈሰው ውሃ እዚህ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ማኅተም ያርፍበታል። በዕቅዱ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈልገው ሥዕሉ ሳይሆን የሥራ ቅደም ተከተሉ ነበር። መጀመሪያ መውጫው ይነጠፋል፣ የታችኛው አጥር ይተከላል፣ ኩሬውና ከላይ የሚመጣውን የሚያዞረው የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለም አፈር ተገፎ፣ ከውሃ መውረጃ ርቆ ተከምሮ፣ ተሸፍኖ የሚቀመጠው፤ ቆረጣውና ሙሌቱም በክፍል በክፍል የሚሄደው። ሳይቱ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ቆረጣ፣ ሙሌት፣ ዝናብ፣ ስልክ፣ ጨርቅ ግዢ።

መሸፈንን በሚመለከት ክቡርነትዎ ደስ አይልዎትም፣ ግን እንናገራለን። ሥራ የቆመበት መሬት በ14 ቀን ውስጥ እንዲሸፈን የሚያዝ ፈቃድ ብዙ ነው፤ ሰፊ ለሆነ ሳይት 7 ቀን የሚሉም አሉ። በሄክታር ከ4 እስከ 5 ቶን ገለባ ተጎዝጉዞ፣ ነፋስ እንዳይወስደው በማሽን አፈሩ ውስጥ ተጫን ተጫን ቢደረግ፣ ያ በሴኮንድ 9 ሜትር የሚበረው ጠብታ ገለባ ላይ አርፎ ይቀራል። ከጨርቁም ከኩሬውም ርካሹ እሱ ነው፤ ከሁሉ የሚዘለለውም እሱ ነው። ዘር ከመዘራቱ በፊት ዶዘሩ ተዳፋቱ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ይመላለስ፤ የሰንሰለቱ ጥርስ ኮንቱር ይዞ የሚተኛ ጎድጎዳ ይተዋልና ውሃውን በየእርምጃው ያቆመዋል። ተዳፋቱን አቋርጦ ጎን ለጎን የነዳው እንደሆነ ግን እያንዳንዱ ጥርስ ቁልቁል የሚወርድ ቦይ ይቀድልዎታል። ኦፕሬተሩ ጎን ለጎን መንዳት ይቀለዋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ካልተነገረው የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያቅትም። ፈቃዱ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው ሣሩ ወጥ ሆኖ ቢያንስ 70 በመቶ ሲሸፍን ነው፤ ዘሩ በተዘራ ማግስት ፎቶ ተነሥቶ አይደለም።

እንግዲህ ወደፊት ሊጎበኙን ካሰቡ እንደ ማንኛውም አፈር አንቀሳቃሽ ያመልክቱ። የሚነሡበትን ቦታ፣ መጠንዎን በሜትር ኩብ፣ የሚያልፉባቸውን አጥሮች ሥር ዝርዝር፣ የሚያርፉበትን ደጅ ባለቤት የስምምነት ፊርማ አያይዘው በሦስት ቅጂ ያቅርቡ። ማስያዣውን ግን ዲቹን በየጊዜው ለሚጠርጉት ሰዎች ያስይዙ፤ እስካሁን የሠሩበት ውዝፍ አለ።

ከሠላምታ ጋር
የታችኛው ሠፈር

ግልባጭ፦
ለባለ ይዞታው፦ ሦስቱን 35 ደምረው እንዲያነቡ።
ለባለ ዶዘሩ፦ ሽቅብ ቁልቁል።
ለጥቁሩ ጨርቅ፦ ካልወደቀ።
ለተቆጣጣሪው፦ 6 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ከጣለ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ከመኪና ወርደው።