ክፈት ተባለ እንጂ አጥፋ ተባለ?

አሁንስ በዛ! ያ ሁሉ ሎግ (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ድራሹ ጠፋ። ምን ተደረገ? ፋይሉ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ተከፈተ። ተከፈተ ብቻ! አንዲት ፊደል ሳይጻፍበት ዜሮ ባይት ሆኖ ቁጭ አለ።

በፓይተን ፋይል ስትከፍት ለምን እንደምትከፍተው በፊደል ትነግረዋለህ፤ «ደብልዩ» (w) ማለት ለመጻፍ ክፈት ማለት ነው ይሉሃል። የነበረውን መጀመሪያ ሙልጭ አድርጎ እንደሚጠርግ ከፊደሏ በምን ይታወቃል? «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገብተህ ብትፈልግም አታገኘውም።

እሺ፣ ማንበብም መጻፍም ፈለግህ እንበል። «አር ፕላስ» (r+) ፋይሉ ከሌለ ይጮህብሃል። «ደብልዩ ፕላስ» (w+) ፋይሉ ካለ ያጸዳዋል። አጽድቶት ሲያበቃ «በል አንብብ» ይልሃል። ምኑን? ባዶውን? «ኤ ፕላስ» (a+) ደግሞ ጠቋሚውን፣ ማለትም ፋይሉ ውስጥ ያለህበትን ቦታ፣ መጀመሪያው ላይ ብታስቀምጠውም የጻፍከውን ወስዶ ጭራው ላይ ይለጥፈዋል። ታዲያ ጠቋሚውን ለምን አንቀሳቅስ አለኝ?

«ፋይሉ ካለ አልነካም» የሚለው ጨዋው «ኤክስ» (x) የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ፓይተን 3.3 ጋር ነው። ደግ አደረጉ! እስከዚያ የጠፋውን ማን ይመልስ?