አንጥረኛን ማገዝ የፈለገ ሰው የሚሰራበት ዕቃ ይዘዝ

በእጅ የተሰራ የብር ጭልፋ ወይም የኬክ ማንሻ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ የሚለው ነገር አንድ ነው፣ "እንዴት ያምራል፣ ግን ማን ይጠቀምበታል?"። ንቀት አይደለም፣ እንደውም አድናቆት ነው፣ ግን እኔ እንደሚመስለኝ የዘመናችንን ብር አንጥረኞች በጣም እየጎዳቸው ያለው ይሄው አድናቆት ነው። አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ የሚያልፈው ብዙ ነው፣ እስቲ እንዲህ ያለ ዕቃ ስራልኝ ብሎ የሚያዝ ግን በጣት የሚቆጠር፣ አንጥረኛው ደግሞ የሚኖረው በትዕዛዝ ነው።

አንድ ሰው በማዘዝ ብቻ ምን ያህል ሊሰራ እንደሚችል ለማየት ቤንተን ሲሞር ራቢኖቪችን ማንሳት ይበቃል። ሲያትል፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነበሩ፣ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የድሮ የብር ማንሻዎችን ይሰበስቡ ነበር፣ እነዛ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ዓሣ የሚነሳባቸው ሰፊና ጠፍጣፋ ምላስ ያላቸው፣ ፈሳሹ እንዲወርድ መሀላቸው በሚያምር ጥለት የተበሳ ዕቃዎች። በዛ ግን አላቆሙም፣ በህይወት ላሉ አንጥረኞች ትዕዛዝ መስጠት ጀመሩ፣ የሚሰራው የዕቃ አይነት አንድ ሆኖ ሰሪው የተለያየ። ያ ስብስብ ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያ እና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፣ እና ስራው አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ እጅ ከሌላው እንዴት እንደሚለይ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

እኔን የሚገርመኝ የትዕዛዙ ጠባብነት ነው። ለአንጥረኛ የፈለግከውን ስራ ማለት ነጻነት የሰጠነው ይመስለናል፣ ግን ሰፊ ሆኖ በአንድ እጅ የሚያዝ፣ ምግቡን ሳይሰብር የሚያነሳ ዕቃ ሲባል ነው ችሎታው የሚወጣው፣ ምክንያቱም መደበቂያ የለውም፣ ማንሻው ወይ ያነሳል ወይ አያነሳም።

ስራውን ደግሞ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ስተርሊንግ የሚባለው ብር ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው፣ ንጹህ ብር ብቻውን በጣም ለስላሳ ስለሆነ ጭነት አይችልም። መዶሻ ሲያርፍበት እየደደረ ይሄዳል፣ ዝም ብሎ ቢቀጠቀጥ ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ አንጥረኛው በየመሀሉ በእሳት ደብዛዛ ቀይ እስኪሆን፣ ወደ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ማለት ነው፣ ያግለውና ለዝቦለት እንደገና ይቀጠቅጠዋል፣ እንደገና ያግለዋል፣ ይሄ ደጋግሞ ነው። ጭንቁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ እጀታውን ከምላሱ ጋር ሲበይደው ያ ሁሉ በመዶሻ የመጣ ጥንካሬ በብየዳው ሙቀት ይጠፋና ምላሱ ተመልሶ ይልፈሰፈሳል፣ ከባድ ነገር ሲጫንበት ይጎብጣል። ጎበዙ አንጥረኛ ይሄን ቀድሞ ያውቀዋል፣ ወይ ከብየዳው በኋላ በቀላል መዶሻ መልሶ ያደድረዋል፣ ወይ ደግሞ ምላሱን ትንሽ ቆልመም፣ ጠርዙን ከፍ አድርጎ ቅርጹ ራሱ እንዲሸከም ያደርገዋል። እኛ ጌጥ ነው ብለን የምናልፈው ቅርጽ እኮ ብዙ ጊዜ የጭነት መልስ ነው! እጀታው ከእንጨት ሲሆንም ለማማር ብቻ አይደለም፣ ከብረቶች ሁሉ ሙቀት በማስተላለፍ ብርን የሚበልጠው የለም፣ ትኩስ ድስት ውስጥ የቆየ የብር ጭልፋ እጅ ያቃጥላል።

ብር ላይ የሚመታው የጥራት ማህተምም መረሳት የለበትም። እንግሊዝ ውስጥ የብር ጥራት በህግ መፈተሽ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1300 ነው፣ መፈተሹን የሚያሳየው የነብር ራስ ምልክትም ከዛ ዘመን የመጣ ነው፣ ዛሬም ብር ነው ተብሎ የሚሸጥ ከ7.78 ግራም በላይ የሆነ ዕቃ ተፈትሾ የሰሪው ወይም የአቅራቢው ምልክት፣ የጥራት መጠኑና የፈተሸው ቢሮ ምልክት ሊታተምበት ግድ ነው። ለገዢው መተማመኛ ነው፣ ለሰሪው ደግሞ ስራው ላይ የሚቀር ፊርማ።

ይጠቁራል የሚለው ሰበብ ግን እኔ አይዋጥልኝም። ብር የሚጠቁረው ከአየርም ከምግብም በሚያገኘው ሰልፈር ነው፣ እንቁላል ፈጥኖ ያጠቁረዋል፣ ጨው ከቆየበትም ይበላዋል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን በየጊዜው ወጥቶ የሚሰራበት፣ በሞቀ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ታጥቦ ወዲያው የሚደርቅ ብር እምብዛም አይጠቁርም፣ የሚጠቁረው ተቆልፎበት የሚኖረው ነው። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ብቻ አታስገቡት፣ በሚለጠጥ የጎማ ላስቲክም አስራችሁ አታስቀምጡት፣ ጎማው ውስጥ ሰልፈር አለ።

ሙሉ ስብስብ ማዘዝ የሁሉም አቅም አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ግን አንድ ትንሽ ማንኪያም ትዕዛዝ ናት፣ ለጀማሪ አንጥረኛ ደግሞ ትልቅ ነገር ናት። ስታዙ ታዲያ "የሚያምር ነገር" ብላችሁ ብቻ አትተዉት፣ ምን እንደምታነሱበት፣ ከምን ዓይነት ሳህን እንደሚነሳ፣ ክብደቱ እጃችሁ ላይ እንዴት እንዲሆን እንደምትፈልጉ ንገሩት፣ ግራኝ ከሆናችሁም መጀመሪያ ይሄን ተናገሩ፣ የማንሻው ቀጭን ጠርዝ በየት በኩል እንደሚውል የሚወሰነው በዛ ነውና።