ለእጃችን ምስጋና ይግባው

እግዜሩም አላሁም ይስጠውና፣ እጃችን ባይኖር ይህች አገር ሕግ የሚባል ነገር አታይም ነበር። የማወራው ስለሚያርሰውና ስለሚሸምነው እጅ አይደለም። እሱ ወሬ አያውቅም። የማወራው ስለሚነሳው እጅ ነው። ሰብሳቢው "የምትደግፉ" ብሎ ሳይጨርስ ጣሪያ ስለሚደርሰው።

የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015ን አራት ኪሎ ላይ ያጸደቀው ይኸው እጅ ነው። ፋይዳ የምንለው ማለት ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ይህን ስል ሽሙጥ የለበትም። ሰው ከሰው ይለያል ነው ነገሩ። አሥር ጣትህን ትሰጣለህ፣ የዓይንህን ብሌን ትሰጣለህ፣ ፊትህን ትሰጣለህ። 12 አሃዝ ይወጣልሃል። ያ ቁጥር ያንተ ብቻ ነው።

ታዲያ ይህን ያጸደቀው ማን ነው ቢሉ፣ አንዱ ካንዱ የማይለይ የእጅ ጫካ! ዜናው እንደሆነ ሁልጊዜ "በሙሉ ድምፅ" ወይም "በአብላጫ ድምፅ" ብሎ ያልፋል። የማን እጅ እንደተነሳ ማን ይጠይቃል? ከእኛ አሥር ጣት ከነብሌኑ፣ ከእነሱ አንድ ክንድ በጅምላ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባላት ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ ነው ይላል። ሕሊና ግን መቼም ቀርፋፋ ነው። አንቀጽ በአንቀጽ ልየው ይላል። እጅ ባይቀድምለት እስካሁን እዚያው ቁጭ ብለን ነበር።

የሩቁን ብቻ አሞግሼ የሰፈሬን ብተው ግፍ ይሆንብኛል። እኛ ደሴዎች በዚህ ሙያ ከማንም አናንስም። በቀደም የቀበሌ ስብሰባ ነበር፣ ለውስጥ ለውስጥ መንገድ መዋጮ። ከቃለ ጉባኤ ያዡ አጠገብ ነበር የተቀመጥኩት። ስብሰባው ሳይጀመር ወረቀቱን አየሁት። "በሙሉ ድምፅ ተወስኗል" የሚለው ተጽፎ አልቋል። ባዶ የቀረው ምን እንደተወሰነ የሚጻፍበት መስመር ነው።

ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። "የምትደግፉ!" ሲባል እጃቸው ከጋቢው ውስጥ ብቻዋን ወጣች። ሰውየው ገና አልነቁም። ኋላ ዓይናቸውን ገልጠው፣

"ምን ተብሎ ነው?" አሉ።

"እኔ እንጃ አባባ፣ ብቻ አያውርዷት፣ እየተቆጠረ ነው" አላቸው ጎረምሳው።

"የሚቃወም?" ተባለ። ከኋላ አንድ እጅ ብቅ አለ። አዳራሹ ጸጥ! ሁሉም ዞሮ አየው። ለካ ልጁ ስልኩ ላይ ተጥዶ "የምትደግፉ" ያመለጠው ነው። ቃለ ጉባኤ ያዡ ደግ ሰው ስለሆነ ከደጋፊዎቹ ጋር ቆጠረለት።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። የቀበሌዋ መታወቂያ "ብሔር" ብላ ስትጠይቅ ኖራለች። ፋይዳ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም። አባቱ አሕመድ፣ አያቱ ገብረ ማርያም ለሆነ የወሎ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ሰው ተነስቶ "የደገፍኩት ለዚህ ነው" ቢል እኔ ራሴ ቡናውን ጀባ እለው ነበር። ግን የምን ንባብ! መጥፎ ሕግ ቢመጣ ሳናነብ እንደግፋለን፣ ጥሩ ሕግ ቢመጣም ሳናነብ እንደግፋለን። እኩልነት ይሏል ይህ ነው።

ከእጃችን ጋር ያልተግባባው የምዝገባው ማሽን ብቻ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ሊመዘገቡ ሄደው ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። "እንደገና" አላቸው ልጁ። ጠረግ አድርገው ደገሙ። "እንደገና።" ዕድሜ ልኩን ምጣድና ወፍጮ የላገው ጣት ምን መስመር ቀርቶት ይታይ? የትውልድ ዘመን ሲጠየቁ ደግሞ "በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለተኛዋን አዝዬ ነበር፣ ከዚያ አስላው የኔ ጌታ" አሉት። በስብሰባ ግን የእትዬ እጅ አንድ ቀን "እንደገና" ተብሎ አያውቅም። አንዴ ከተነሳ ማንም አጣርቶ አያየውም።

እናም ያ ማሽን አራት ኪሎም፣ እኛም አዳራሽ ይግባ ባይ ነኝ። የሚደግፍ ሰው መጀመሪያ ጣቱን ያሳርፍ። ማሽኑም "ምኑን ነው የደገፍከው?" ብሎ ይጠይቀው። መልስ ከሌለው "እንደገና" ይበለው። ይህን ሐሳቤን ለቃለ ጉባኤ ያዡ ነገርኩት። በጣም ወደደው። ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቀርባል፤ በሙሉ ድምፅ መጽደቁንም ከወዲሁ ጽፎታል።