ደብዛዛዋን መስመር አይተን ዝም ያልነው

ወገኖቼ፣ የምናገረው ደስ አይልም። ግን ካልተናገርኩት ሲከነክነኝ ይኖራል።

በኮቪድ መጀመሪያ ሰሞን አቤቱታችን አንድ ነበር። "መመርመሪያ የለም፤ ቢገኝም ውድ ነው፤ ውጤቱም ቀናት ይፈጃል" እንል ነበር። እውነታችንን ነበር። ውጤቱ እጁ እስኪገባ በሽታውን ለቤተሰቡ አዳርሶ የጨረሰ ስንት ሰው አለ።

ከዚያ ፈጣኑ መመርመሪያ መጣ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች 120 ሚሊዮን መመርመሪያ፣ አንዱ ቢበዛ በ5 ዶላር እንደሚቀርብ አስታወቁ። እንግሊዝም ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ ሰው ሁሉ በሳምንት ሁለቴ በነጻ እንዲመረመር አመቻቸች። መመርመሪያ ላልደረሳቸው አሁን የምለው የለኝም። የምቆጣው የደረሰንን ነው።

አፍንጫችንን ጠረግን፣ ፈሳሹን አንጠባጠብን፣ 15 ደቂቃ ጠበቅን። መመርመሪያው መሥራቱን የምታሳየው መስመር "ሲ" የተጻፈበት ጋ ወጣች። ቫይረሱ ሲገኝ መስመር የሚወጣበት "ቲ" ጋ ደግሞ ፀጉር የመሰለች ደብዛዛ መስመር። መስኮት አጠገብ ወስደን አገላብጠን አየናት። "ይሄማ መስመር አይባልም" አልን። ጫማችንን አድርገን ወጣን።

እኔም አድርጌዋለሁ። ጉንፋን ነው ብዬ እናቴ ቤት ሄድኩ፣ አጠገቧ ተቀምጬ አመሸሁ። በአራተኛው ቀን መተንፈስ አቃታት። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። እኔ ግን ያቺን መስመር እስካሁን አልረሳኋትም።

ደብዛዛም ብትሆን በሰዓቱ ከታየች ቫይረሱ አለ ማለት ነው። የቫይረሱ ፕሮቲን ወረቀቱ ላይ ባሉት ፀረ እንግዳ አካላት ሲያዝ ነው የምትታየው። ስለዚህ አትከራከሯት።

"ኔጌቲቭ ነኝ" እያላችሁ የምትዞሩም ስሙ። ፈጣኑ ምርመራ የሚይዘው ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ሲበዛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያመልጠው ይችላል። ለዚህ ነው የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኦገስት 2022 ከ48 ሰዓት በኋላ ድገሙት ያለው። የባለፈው ማክሰኞ ውጤት ለዛሬ ማታ ግብዣ ፈቃድ አይሆንም።

አሠሪዎች ሆይ፣ የእናንተ ጥፋት ይብሳል። ታምሜያለሁ ብሎ ቤቱ የቀረውን ሰው የቀን ገቢውን ስትቆርጡበት፣ ሌላው ሁሉ መስመሯን እንዲደብቅ አስተማራችሁት። የ5 ዶላሩን ዕቃ ገዝታችሁ በር ላይ ብትደረድሩትም፣ ልጆቹን የሚያበላው ሰው በገዛ እጁ እንጀራውን አይዘጋም። ደመወዙን ክፈሉትና ይመርመር።

ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ መመርመሪያ ይርከስ፣ በየቦታው ይድረስ ብለን መጮኽ አለብን። አብሬያችሁ እጮኻለሁ። ሲደርሰን ግን መስመሯን ያየ ሰው ስልኩን ያንሳ። ኮቪድ ምልክቱ ከመታየቱ ሁለት ቀን አስቀድሞም ይተላለፍ ነበርና፣ በእነዚያ ቀናት አብረዋችሁ ለተቀመጡት ሁሉ ደውሉላቸው። መጀመሪያ ለአዛውንቶቹ።