ሐምሌ 6 ሲነሣ የማይነሡት

«በዛሬዋ ቀን በሙዚቃ ታሪክ» የሚሉ አጫጭር ዝግጅቶች ሲቀርቡ ጥዬ አልሄድም። አንድ ሙዚቀኛ ተወለደ፣ አንድ ባንድ ተበተነ፣ አንድ አልበም ወጣ ይባላል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የስንት ሰው ዕድሜ ያልፋል። ሐምሌ 6 ሲደርስ ግን የማዳምጠው በቅሬታ ነው።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ላይቭ ኤይድ የተሰኘው ኮንሰርት በለንደኑ ዌምብሊ እና በፊላደልፊያው ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስታዲየም ተካሄደ። ሙዚቀኞቹ ቦብ ጌልዶፍ እና ሚጅ ዩር ያሰናዱት በኢትዮጵያ በረኃብ ለተጎዱት ገንዘብ ለማሰባሰብ ነበር። ፊል ኮሊንስ ለንደን ላይ ተጫውቶ፣ በኮንኮርድ አውሮፕላን አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በዚያው ዕለት ፊላደልፊያ ላይ ደገመ።

በየዓመቱ ከሁሉ በላይ የሚወሳው ኩዊን የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ የተጫወተበት 21 ደቂቃ ነው። ይገባዋል። ባንዱ አስቀድሞ ለንደን ውስጥ በአንድ ትንሽ ቲያትር ተለማምዶ፣ ዘፈኖቹን አሳጥሮና አያይዞ ነው የመጣው። የባንዱ ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ ያለ ምንም መሣሪያ ድምፁን ሲያወጣ 72 ሺህ ያህል ሰው ተቀበለው። አውጪና ተቀባይ ላለው ዘፈን ጆሮው የተቃኘ ሰው እዚያ የሆነው ነገር ወዲያው ይገባዋል። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ገና አልጠገብኩትም።

ግን ከኩዊን ቀጥሎ መድረኩን የያዘው ዴቪድ ቦዊ ያደረገውን ስንቱ ያነሣል? ከዘፈኖቹ አንዱን ተወና በቦታው የካናዳ ቴሌቪዥን ያቀናበረው አጭር ፊልም እንዲታይ አደረገ። በስታዲየሙ ትልቅ ስክሪን ላይ የተራቡ ሕፃናት ፊት ታየ፤ ሲጨፍር የዋለው ሕዝብ ጸጥ አለ። ለእኔ የቀኑ ትልቁ ሰዓት ይህ ነው። አንድ ዝነኛ ዘፋኝ ዓለም በሚያየው መድረክ ላይ ሰዓቱን ለሌላ ሰው ፊት ለቀቀ።

ነገሩ ሁሉ የጀመረውም በምስል ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከኮረም ስለ ረኃቡ ያሳየውን ዘገባ የቀረጸው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ነው። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ግራ እጁን አጣ። ሕይወቱ ያለፈው ደግሞ በ1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ያለ እርሱ ካሜራ ላይቭ ኤይድ ባልኖረ ነበር፤ በቀኑ ዝክር ግን ስሙን ሰምቼ አላውቅም።

ከዘገባው በኋላ በኅዳር ወር ጌልዶፍና ዩር ያስቀረጹት ዘፈን ርእሱ «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» የሚል ነበር። በቅን ልብ እንደ ተሠራ አልጠራጠርም። ሆኖም ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች፤ ላሊበላም እዚያው ወሎ ነው። በየዓመቱ ገና ሲብት ካህናቱ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ»ን የሚያሸበሽቡበት አገር ገናን ያውቅ እንደሆነ መጠየቅ ያማል። ጠያቂዎቹ ሙዚቀኞች መሆናቸው ይበልጥ ያማል፤ ዜማውን ለመስማት የቀረበ ሰው አልነበረምና።

በዌምብሊና በፊላደልፊያ መድረኮች አፍሪካ ውስጥ የተወለዱ ነበሩ፤ ሜርኩሪ የዛንዚባር፣ ሻዴ የናይጄሪያ ልጆች ናቸው፤ ኑሯቸውም ሥራቸውም ግን እንግሊዝ ነበር። አህጉሩ ላይ ሆኖ የሚሠራ አፍሪካዊ ሙዚቀኛ አልተጠራም። ብዙ ተመልካች የሚስቡት ዝነኞቹ ስለሆኑ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ሰው እየሞተ በነበረበት በዚያ ሰሞን ይህን መልስ እቀበላለሁ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 25 ቀን 1997 ዓ.ም. ላይቭ ኤይት በሚል ስም በተካሄደው ሌላ ኮንሰርት ለአብዛኞቹ አፍሪካውያን ከለንደኑ ሃይድ ፓርክ ርቆ በኮርንዎል የተለየ መድረክ ሲዘጋጅላቸው ግን የትኛውም መልስ አያጠግበኝም።

አፍሪካውያን ሙዚቀኞች ዝም ብለው አልተቀመጡም ነበር። ካሜሩናዊው የሳክስፎን ተጫዋች ማኑ ዲባንጎ በዚያው በረኃቡ ዘመን ሳሊፍ ኬይታንና ሞሪ ካንቴን የመሳሰሉ ድምፃውያንን ሰብስቦ «ታም ታም ለኢትዮጵያ» የተሰኘ ሸክላ አሳትሟል። ስለ እኛ፣ በእኛው አህጉር ልጆች የተዘፈነ ነው። የቀን ታሪክ የምታዘጋጁ የሬዲዮ ባልደረቦች፣ በሚመጣው ሐምሌ 6 ኩዊንን አሰሙን፤ ቀጥላችሁም ይህን ሸክላ።