ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ?

አሁን ገና ቤት መግባቴ ነው። እጄ ዘይት ነው፣ ስልኩም ዘይት ሆኗል። የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

በር ላይ እማማ ቆመው ጠበቁኝ። «አንተ ልጅ፣ ወፍጮ ቤት ከፈትክ እንዴ? ከከፈትክስ ንገረኛ፣ አምስት ኪሎ ጤፍ አለችኝ» አሉኝ። ከልባቸው ይሁን እየቀለዱ አላወቅኩም። «እሺ እማማ፣ ጠዋት አመጣዋለሁ» ብዬ አለፍኩ። ምን ልበል?

ሞተር ሳይክሌን ታውቋታላችሁ። ስድስት ዓመት ሐዋሳ ውስጥ ከአቶቴ ቱላ፣ ከቱላ አቶቴ ያመላለሰችኝ ናት። አልከፋባትም፣ አርጅታለች። ግን ይሄ ድምፅ! ጠዋት ስትነሳ ጣሳ ውስጥ ጠጠር አድርገው የሚያናውጡ ነው የሚመስለው። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጣት ቆማ ስትሠራ፣ ቻክ ቻክ ቻክ። ነዳጅ ስሰጣት ይጠፋል። ስለቃት ይመለሳል። ተማሪዎቼ ከአስፋልቱ መታጠፊያ ጀምረው ይሰሙኛል መሰለኝ፣ ዘንድሮ አንድ ተማሪ ሲኮርጅ ይዤ አላውቅም። ስገባ ሁሉም መነኩሴ ነው።

መጀመሪያ ጋራዥ የወሰድኳት የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። መካኒኩ ካቻቢቴ አወጣ፣ አንዲት ብሎን አዞረ፣ ድምፁ ጠፋ። «አለቀ ቲቸር» አለኝ። 200 ብር ከፈልኩ። እንዴት ያለ ጎበዝ ነው እያልኩ ሄድኩ እላችኋለሁ! ለካ ሚኒሞውን ከፍ አድርጎት ነው። በሽተኛውን አላዳነውም፣ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ ማቃሰቱን ሸፈነው። መብራት ላይ ስቆም ራሷ ልትሄድ ትታገለኛለች። ቤንዚኑንስ ትጠጣዋለች።

ቤንዚን ካነሳሁ አይቀር፣ ያ ሰልፍ ምንድን ነው? ሁለት ሰዓት ቆሜ ተራዬ ሲደርስ «ሞተር ቆይ፣ መኪና ይቅደም» ይለኛል ቀጂው። እኔ የቆምኩት ፎቶ ልነሳ ነው? ከዚያ በስልክ ክፈል። ከዚያ ኔትወርክ የለም። ከዚያ ከኋላዬ ያለው ጥሩምባ። ሊትሩ ከመቶ ብር አልፎ፣ ለምኜ ነው የምገዛው!

እሺ፣ ወደ ጉዳዬ። ባለፈው ሳምንት መልሼ ወሰድኳት። «ፋሻ ነው» አለ። ሳያስነሳት! እኔ ደግሞ ፋሻ፣ ያ የፒስተኑ ቀለበት፣ ካለቀ ታጨሳለች፣ ዘይት ትበላለች ብዬ አውቃለሁ። የኔዋ ጭስ የሚባል አታውቅም። ግን ሰውዬው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ በእርግጠኝነት ሲናገር ማን ይከራከራል? ቴስታው፣ የሲሊንደሩ ክዳን፣ ተከፈተ። ፋሻ ተቀየረ፣ ጓርኒሲዮን፣ በብረቶቹ መካከል የሚገባው ማሸጊያ፣ ተቀየረ። 6,000 ብር። የመምህር ደመወዝ ለምታውቁ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። በማግስቱ ጠዋት አስነሳኋት። ቻክ ቻክ ቻክ።

ዛሬ ከሥራ መልስ ሄድኩ። መንገድ ላይ ንግግሬን ተዘጋጅቼበታለሁ፣ በጨዋ ደንብ ላስረዳው።

«ድምፁ አልጠፋም» አልኩት። «ሚኒሞ ላይ ነው የሚመጣው። ፍሪሲዮን ስይዝ አይለወጥም። ስለዚህ ፍሪሲዮን አይደለም። ጭስም የላትም። ስለዚህ…»

«ስለዚህ?» አለና ቺያቬውን አስቀመጠ። «ቲቸር ምንድን ነው የምታስተምረው?»

«ፊዚክስ።»

«እኔ ክፍልህ ገብቼ ኒውተን ተሳስቷል ብዬህ አውቃለሁ?»

ጋራዡ በሳቅ ፈነዳ። ጎማ ሊያስነፋ የመጣው ሰውዬ ሳቀ። ሊስትሮው ሳቀ። ሻይ የምታዞረዋ ልጅ ብርጭቆዎቿን አስቀምጣ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ! እሱ ነው ያናደደኝ፣ መሳቄ። መልሱ የመጣልኝ ገብርኤል አደባባይ ከደረስኩ በኋላ ነው። «ኒውተን እንዲሳሳት 6,000 ብር አልከፈልኩትም» ማለት ነበረብኝ። ማን ይሰማኛል አሁን? እናንተ ስሙኝ።

ሲሳቅብኝ ጋራዡ ውስጥ አንድ ልጅ አለ፣ ለማጅ ነው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ዝም ብሎ አስነሳት። የካቻቢቴውን ጫፍ ሲሊንደሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። ልክ እንደ ሐኪም። እዚህ ሰማ፣ እዚያ ሰማ። «የታይሚንግ ካቴናው ነው፣ ቴንሽነሩ ደክሟል» አለ በቀስታ። አለቃው «አንተ ሂድ ጎማ ንፋ!» ብሎ ጮኸበት።

ቴንሽነር ማለት ከሲሊንደሩ ጀርባ በሁለት ብሎን የምትታሰር፣ አውራ ጣት የምታክል ዕቃ ናት። ውስጧ ሞላ አለ። ሥራዋ ታይሚንግ ካቴናውን፣ ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር በልክ የሚያስኬደውን ሰንሰለት፣ ወጥሮ መያዝ ነው፣ በቃ። ስትደክም ካቴናው ይላላና ብረቱን ይገርፋል። ለዚህች ነው ሞተሬ ሆዷን የተቀደደችው! ዝም ብላችሁ ስትነዱት ደግሞ አንድ ቀን ካቴናው ጥርስ ይዘላል፣ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያኔ 6,000 ብር የሻይ ነው።

ዕቃ መሸጫ ሄድኩ። «ኮፒው 450፣ ኦርጂናሉ 1,900» አለኝ።

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

«አንዱ ኦርጂናል ነው።»

ካርቶናቸው አንድ ነው፣ ጽሑፋቸው አንድ ነው። ለምን ተወደደ ስለው «ዶላሩን አታይም?» አለኝ። ወንድሜ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው አቧራ ስሜን ከነአባቴ ያስጽፋል። ይሄ አቧራ ከሐምሌ 2016 በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር እያለ የተኛ አቧራ ነው። ዶላሩ ሲንሳፈፍ አቧራውም አብሮ ተንሳፈፈ?

ይሁን ብዬ ኦርጂናሉን ልከፍል ስል ካርቶኑን ከፈተው። የሌላ ሞተር ነው። የኔዋ ሐሙስ ከአዲስ አበባ ትገባለች ተባልኩ።

ባዶ እጄን ጋራዥ ተመለስኩ። ራሴው ብሎኑን ፈትቼ ልያት ብዬ ነው እንዲህ በዘይት የተነከርኩት። ሞላዋ እውነትም ሞቷል። አለቅየው መጥቶ አየና፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ቴንሽነር ነው አላልኩህም?»

አላልክማ! አላልክም! ልጁን ቀና ብዬ አየሁት፣ አንገቱን ደፍቶ ጎማ ይነፋል። ስወጣ 50 ብር ኪሱ ከተትኩለት። የሦስት ሳምንት ወጪዬ ውስጥ ያልቆጨኝ እሷ ብቻ ናት።

መልሼ ገጥሜያት፣ እየተንኳኳች ቀስ ብዬ ወደ ቤት። ከዚያ እማማ፣ ከዚያ ጤፍ።

በቃ፣ እስከ ሐሙስ ድረስ በባጃጅ ነኝ። ነገ ደግሞ 10ኛ ቢ ፈተና አላቸው። ሞተር የለ፣ ድምፅ የለ፣ በጓሮ በኩል ነው የምገባው።